እርጥብ ፈልጥ በኪሎ፦ ስለ ማገዶ ሥራ ሐዋሳ ላይ የተከፈተ ክር

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልስ እየተጻፈ የሚቀጥለውን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተው ሐዋሳ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ፣ ማገዶ ፈልጦ የሚሸጥ ወጣት ነው። ሥራውን የጀመረው በቅርቡ እንደሆነ ጽፏል። ከገበሬ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ይገዛል፣ ያስቆርጣል፣ በአይሱዙ ያስመጣል። ግቢው ውስጥ ፈልጦ ለእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለዓሣ ጠባሾች ይሸጣል። ጥያቄው ግልጽ ነበር። እንጨቱን በተቆረጠ በሳምንቱ እርጥቡን በኪሎ ቢሸጥ ገንዘቡ ቶሎ እጁ ይገባል። ሁለት ሦስት ወር ቢያደርቀው ግን ክብደቱ ይቀንሳል፣ ግቢው ይያዛል፣ ገንዘቡም ይታሰራል። ታዲያ ማድረቅ ያዋጣል ወይ? ያገለገለ የሞተር መጋዝ ለመግዛት እንዳሰበም ጨምሮ ምክር ለመነ።

መልሱ ከሠላሳ አለፈ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ እንጨት ገዝተው ከሚያነዱት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ አንድም መልስ ሳልዘል አነበብኩት። ነገሩ ላይ ላዩን የንግድ ሂሳብ ነው። ውስጡ ግን ማጀት ውስጥ ጭስ የሚውጡ ሴቶች ዓይንና ሳንባ አለበት። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ ልተርክላችሁ የፈለግኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ጨዋና አጭር ነበሩ። 1ኛው ልጁን በርታ ካለው በኋላ፣ ጀማሪ ነጋዴ ገንዘቡን ማሰር እንደሌለበት፣ እርጥቡን ሽጦ ወዲያው ሌላ ዛፍ መግዛት እንደሚሻለው መከረው። 2ኛው በዚህ ተስማማ። አባቱ በዚሁ ሥራ ልጆች እንዳሳደጉ ነገረን። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ዓሣ የሚጠብሱት ሰዎች እርጥብ ነው ደረቅ ነው ብለው እንደማይመርጡና ትልቅ እሳት አንዴ ከተያያዘ ያገኘውን ሁሉ እንደሚበላ ጻፈ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልጁ በኋላ መልሶ ያነሳታል።

3ኛው መልስ ክሩን ሌላ መልክ ሰጠው። ጸሐፊው ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ የተማረ ሰው ነው። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠው። ገና የተቆረጠ ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ እርጥብ ፈልጥ ማለት 50 ኪሎ እንጨትና 50 ኪሎ ውሃ ነው። ውሃው 20 በመቶ እስኪሆን ድረስ ሲደርቅ፣ ያው ፈልጥ 62.5 ኪሎ ይመዝናል። 37.5 ኪሎው ተንኖ ሄዷል። ሻጩ እንዳይከስር ከተፈለገ የደረቁ ኪሎ ዋጋ ከእርጥቡ 1.6 እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው።

ገዢ ይህን ስትሰማ ትደነግጣለች። እሱ ግን እዚህ ላይ አላቆመም። ግማሹ ውሃ የሆነ እንጨት በኪሎ 8 ሜጋ ጁል (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል። 20 በመቶ ውሃ የቀረበት ደግሞ 15 ገደማ ይሰጣል። እሳቱ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት እንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ማፍላትና ማትነን አለበት፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ ከ2 ሜጋ ጁል በላይ ይጠፋል። እንግዲህ 1.6 እጥፍ የከፈለች ገዢ ወደ 1.9 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ታገኛለች። ሻጩ አልከሰረም፣ ገዢዋም አተረፈች። ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል ይህን ነበር የምመርጠው። ስለ ማገዶ ስንጨቃጨቅ ኖረን እንዲህ ጥርት ያለ ስሌት አይቼ አላውቅም።

4ኛው ቁጥር እንደሚያደናግረው በትህትና ገልጾ፣ ደንበኛ ፊት ቆሞ ምን ማለት እንዳለበት ጠየቀ። ወንዶ ገነት የተማረው ሰው በ5ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። አንድ ኪሎ ደረቅ የሁለት ኪሎ እርጥብ ሥራ ለመሥራት ጥቂት ነው የሚቀረው በላት ብሎ አሳጠረለት።

6ኛው ጥሩ እርማት ይዞ መጣ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቁጥሩ እንዳያሳስተው አስጠነቀቀ። መሣሪያው የሚያሳየው የውሃው ክብደት ፍጹም ከደረቀው እንጨት ጋር ሲነጻጸር ነው። ግማሹ ውሃ የሆነ እንጨት በዚያ አቆጣጠር 100 በመቶ ይባላል። መሣሪያው 25 ቢያሳይ፣ 3ኛው ሰው 20 በመቶ ካለው ጋር አንድ ነው። 3ኛው አመሰገነ፤ ይህን መጀመሪያ መጻፍ እንደነበረበትም አመነ። እንዲህ ያለ መተራረም ቢበዛልን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ 7ኛዋ መጡ። አቶቴ አካባቢ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የጻፈው ሁሉ እትዬ እያለ ነው የጠራቸው። እሳቸው መሣሪያ እንደማያስፈልጋቸው ጻፉ። ሁለት ፈልጥ አንስተው ያጋጫሉ፤ ደረቁ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድም ብሎ ይቀራል። የተቆረጠውን ፊቱን ያዩታል፤ ከመሃል ወደ ዳር የተሰነጠቀ ከሆነ ደርቋል። ልጡ በእጅ ሲነካ ይላቀቃል። እርጥብ እንጨት ሲገጥማቸው የምጣዱ ሙቀት ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጥ ይባክናል። እፍ ሲሉ ይውላሉ። ማታ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ደረታቸው ታፍኖ ይተኛሉ። ስለዚህ ለደረቅ እንጨት ጨምሮ መክፈል ለእሳቸው ጥያቄ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ችግሩ እምነት ነው። ደረቅ ነው ተብለው የገዙት እንጨት ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ሆኖ ደጋግሞ አጋጥሟቸዋል። በዚህ ምክንያት በኪሎ መግዛት ትተው በድርድር፣ ማለትም የተደረደረውን ፈልጥ በሜትር አስለክተው፣ መግዛት ጀመሩ። ውሃ በኪሎ አልገዛም ነው ነገሩ። ለልጁ አንድ ነገር ጨመሩለት። ለምጣድ የሚሸጠውን ፈልጥ ከእጅ አንጓ እንዳያወፍረው፤ ወፍራሙ ለትልቅ ድስት ነው እንጂ ለእንጀራ አይሆንም።

የክሩ ድምፅ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። 8ኛው ራሱ እንጨት ሻጭ ነውና ተቆጣ። ሁሉንም ሻጭ ሌባ ማድረግ ተገቢ እንዳልሆነ፣ ዱቤ ወስደው የሚጠፉ ገዢዎችም እንዳሉ፣ ስለ እነሱ ግን ማንም እንደማይጽፍ ተናገረ። 9ኛው ከእትዬ ጋር ሲነጋገር ቃሉን እንዲመርጥ ጠየቀው። 10ኛው ነገሩን አባባሰው። ከሚዛን በፊት እንጨት ላይ ውሃ የሚያርከፈክፉ ሻጮች በዓይኑ እንዳየ ጻፈ። 8ኛው በ11ኛው ተመልሶ ማስረጃ ጠየቀ፣ ክርክሩም ለአፍታ ስድብ ሊሆን ደረሰ። ሰውየው የተናደደበት ምክንያት ይገባኛል። በሐቅ የሚሠራ ሰው ከማጭበርበር ጋር ስሙ ሲነሳ ያመዋል። ግን እትዬ የተናገሩት የራሳቸውን የኪስና የዓይን ጉዳይ ነው፣ ያን ዝም ማሰኘት አይቻልም።

12ኛው ረጋ ብሎ አስታረቀ። በሜትር መለካትም የራሱ ክፍተት እንዳለው አስረዳ። አንድ ሜትር ኩብ የተደረደረ ፈልጥ ውስጥ እንጨቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው በመሃል ያለ አየር ነው። የተጣመመ እንጨት የበዛበት ድርድር ደግሞ አየሩ ይበዛል። ሆኖም ውሃ ድርድሩን አያሳድገውም፤ ሲደርቅም መጠኑ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በድርድር መሸጥ ሻጩን በማድረቁ አይቀጣውም፣ በኪሎ መሸጥ ግን ይቀጣዋል። እኔም ሙሉ በሙሉ የምስማማው በዚህ ነው። ማገዶን በኪሎ የምንገዛ ከሆነ እርጥብ እንዲሸጥልን ራሳችን እየጋበዝን ነው።

ከ13 እስከ 16 ያሉት መልሶች ወደ ማድረቁ ሥራ ገቡ። 13ኛው የሀገረ ሰላም ሰው ነው። ሀገረ ሰላም ከሐዋሳ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ብርድና ጉም ስለሚበዛበት ታች ሐዋሳ በሁለት ወር የሚደርቀው እንጨት እዚያ ሁለት እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድ ነገረን። ስለዚህ ከደጋ የሚገዛ ሰው እንጨቱን ቆላ አውርዶ ቢያደርቀው ይሻለዋል። ደጋ ላይ የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ መሆኑን፣ ሐዋሳ ዙሪያ ግን ቀዩ እንደሚበዛና ቀዩ ለመፍለጥ እንደሚያስቸግርም አስታወሰ።

14ኛው ከእሱ ቀጥሎ ልጁ ፈጽሞ እንዳይረሳው ያለውን ነገር አስቀመጠ። ባሕር ዛፍ የሚፈለጠው እርጥብ እያለ ነው። ደርቆ ከጠነከረ ምሳሩን ያነጥራል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ በጥቅምትና በኅዳር ቆርጦ፣ በዚያው ሰሞን ፈልጦ፣ የበጋውን ፀሐይና ንፋስ ማስጠጣት ነው። ግንዱ ሳይፈለጥ ቢቀመጥ ልጡ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። ቀይ ባሕር ዛፍ ውስጡ የተጠማዘዘ ስለሆነ መሃሉን ከመምታት ይልቅ ከዳር መጀመር፣ የተሰነጠቀበትን መስመር ተከትሎ መምታት፣ እምቢ ካለም ሽብልቅ ማስገባት ይበጃል። ይህ ሰው ሲፈልጥ የኖረ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

15ኛው ስለ አደራደር ነው። ፈልጡ መሬት መንካት የለበትም። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድሮ፣ በላዩ አግዳሚ እንጨት አጋድሞ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ። ድርድሩ ቀጭን ይሁን፣ ረድፍ ከረድፍ ጋር አይጣበቅ፣ ንፋስ የሚመጣበትን አቅጣጫ ይመልከት። ሸራ ከላይ ብቻ ይደረጋል። ጎኑን የሸፈነ ሰው እንጨቱን እያደረቀ ሳይሆን እያሻገተ ነው። 16ኛው ደግሞ ወጪ የሌለው መለኪያ ሰጠ። ከድርድሩ መሃል ሁለት ሦስት ፈልጥ አውጥቶ ምልክት አድርጎ መመዘን፣ መልሶ ቦታቸው ማስገባት፣ በየሳምንቱ መድገም። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር እኩል ሆኗል፣ ከዚያ በላይ አይደርቅም።

17ኛው ምስጥ እንዳስቸገረው ጻፈና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ድርድሩ ላይ ቢረጭ እንደሚያባርር መከረ። 18ኛዋ በዚህ ምክር ክፉኛ ተቆጣች። ዘይት የጠጣ እንጨት እንጀራ ሥር ገብቶ እንዲጨስ የሚመክር ሰው ቤተሰቡን የሚወድ አይመስላትም። ቃሏ ጠንካራ ነበር፣ ግን ልክ ናት። በዚያው የባሰውን አነሳች። ያረጀ የመብራት ምሰሶ ገዝተው ለማገዶ የሚፈልጡ ሰዎች አሉ። ምሰሶ እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ ወይ ክሬዮሶት የሚባል የሬንጅ ዘይት ነው፣ ወይ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ያለበት ነው። አርሴኒክ የተባለው መርዝ እንጨቱ ሲነድ በጭሱ ይወጣል፣ በአመዱም ይቀራል። ቀለም የተቀባ ጣውላም ቢሆን ምድጃ ውስጥ መግባት የለበትም። 17ኛው ይቅርታ ጠይቆ ምክሩን አነሳ። ምስጡንስ? 19ኛው ድርድሩን ከፍ አድርጎ መሥራትና ከሥር እየጎነበሱ የአፈር መስመሩን እያዩ ማፍረስ በቂ እንደሆነ አከለ።

የሞተር መጋዙ ነገር እስከ 20ኛው ድረስ ተረስቶ ነበር። 20ኛው የመጋዝ ጠጋኝ ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የፊት መከላከያውን ይግፋ አለ፤ ሲገፋ ሰንሰለቱ ወዲያው ካልቆመ መጋዙን ትቶ ይሂድ። ቤንዚኑ ሁለት ስትሮክ ከሚባለው የሞተር ዘይት ጋር ይደባለቃል። በብዙዎቹ ላይ መጠኑ 50 ለ 1 ነው፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱን የዘነጋ ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል። ስለት መዶልዶሙን የሚያሳየው ከመጋዙ የሚወጣው ነገር ነው። ፍርፋሪ ከወጣ ደህና ነው። እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከወጣ በክብ ሞረድ መሳል ይፈልጋል። 21ኛው የጫማውን፣ የመነጽሩንና የጆሮ መከላከያውን ነገር አነሳ። የመጋዙ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ግማሹ፣ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት እንደሚወረወርና የአጎቱ ልጅ ትከሻው ላይ ጠባሳ የተረፈው በዚህ እንደሆነ ጻፈ። 22ኛው የሚፈልጠው በወር አንድ አይሱዙ ብቻ ከሆነ መጋዝ መግዛት አያስፈልገውም፣ በቀን ክፍያ አስቆርጦ ራሱ ይፍለጥ ብሎ ዘጋው። ይህ መልስ አጭር ቢሆንም ለልጁ ብዙ ገንዘብ ያተረፈለት ይመስለኛል።

ከዚያ 23ኛው ሰው ነገሩን ወደ ከሰል ወሰደው። እንጨቱን አክስሎ በጆንያ ቢሸጥ ክብደትም ቦታም አያስጨንቀውም ነው ሐሳቡ። ወንዶ ገነት የተማረው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ፣ 24ኛው ሆኖ። አፈር ለብሶ በሚከሰል ክምር ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። 100 ኪሎ የደረቀ እንጨት 15 ኪሎ ከሰል ቢሰጥ፣ በኪሎ 29 ሜጋ ጁል ገደማ ተይዞ ሲሰላ፣ በእጅ የቀረው ሙቀት ከመነሻው ሲሶ አይሞላም። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ራሱን ለማድረቅ የበለጠ ራሱን ያቃጥላል። ማድረቅን ሸሽቶ ወደ ከሰል የገባ ሰው እዚያም ማድረቅ ይጠብቀዋል። 25ኛው ግን የከሰልን ጥቅም ተከላከለ። ጭሱ ያነሰ ነው፣ ለማጓጓዝ ይቀላል፣ የከሰል ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ሙቀቱን ይቆጥባል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጠፋውን ሁለት ሦስተኛ ግን ምድጃ ብቻውን አይመልሰውም።

26ኛዋ ስለ ንግድ አልጻፈችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በአንዲት ክፍል ሦስት አራት ሆነው ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች እንደበዙ፣ በዝናብ ወቅት በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው እንደሚያድሩ ጻፈች። ጎረቤቶቿ እንዲሁ ተዘግተው ራሳቸውን ስተው ተገኝተው ነበር። በሩ ቶሎ ተከፍቶ ተረፉ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ፍሙ ቀልቶ ጭስ ባይታይም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ክፍሉን ለቆ መውጣት ነው። ማንም አልተከራከራትም። እባካችሁ ይህን መልስ ለተከራይ እህትና ወንድሞቻችሁ ንገሩ።

27ኛው እንደ ዱብ ዕዳ መጣ። እስከዚያ ድረስ ያለውን ሁሉ ትቶ፣ ይህ ክር ደን ጨፍጫፊዎች የሚማማሩበት እንደሆነ ጻፈ። የሐዋሳ ዙሪያ ተራሮች ሲራቆቱ እናንተ ስለ ዋጋ ታወራላችሁ የሚል ነበር የቁጣው ፍሬ ነገር። 28ኛው በዚያው ልክ መለሰለት። ገበሬ በገዛ ማሳው ተክሎ ያሳደገው ባሕር ዛፍ ከተፈጥሮ ደን ጋር እንደማይቆጠር፣ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የግል ደንን እንደሚያውቅ አስረዳ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ላይ ምሳር ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ከየት እንደተቆረጠ የሚያሳይ መሸኛ ሳይዝ እንጨት የጫነ ሰው ኬላ ላይ ቢያዝ ማንንም አይውቀስ ሲልም ጨመረ።

29ኛው ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጥቶ ከሐዋሳ አጠገብ የነበረውን የጨለለቃ ሐይቅ አደረቀው የሚል ክስ አመጣ። ክሩ ከማገዶ ርቆ ሐይቅ ውስጥ ገባ። 30ኛው ጨለለቃ ረግረግ ሆኖ መቅረቱ እውነት እንደሆነ ተቀበለ። ነገር ግን ከተራቆተው ተዳፋት እየታጠበ የወረደው ደለል መዘንጋት እንደሌለበት አሳሰበ። ከዚያ ረግረግ የሚነሳው ጥቁር ውሃ ወንዝ የሐዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ብቸኛ ገባሪ ነው። ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የገባ ደለል ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ፤ ተዳፋቱ ላይ ያለው ሲቆረጥ ጉቶው ይቆይ ነው ምክሩ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ላይ በሰያፍ፣ ልጡ ሳይገሸለጥ ከተቆረጠ፣ ካቆጠቆጠው ውስጥ ሁለት ሦስቱን ጠንካሮች ትቶ ሌላውን በማሳሳት ሳይተክሉ ሌላ ዙር ይገኛል። ቁጣው በዚህ በረደ። 27ኛው ተመልሶ አልጻፈም፤ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ጭንቀቱ የእውነት ነው።

31ኛው ምርጥ ምድጃ የሚባለውን አነሳ። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ ፑሚሱም በስምጥ ሸለቆአችን ሞልቷል። የደረቀ እንጨት በምርጥ ምድጃ ላይ ያየ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም የሚል እምነት አለው። 32ኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። 33ኛዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ እንደሚስብ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲጠፋ ሊጡ እንደማይጠብቅ መለሰችለት። ሁለቱንም የምትጠቀም ሴት ናት፣ ስለዚህ ቃሏን አከብራለሁ።

34ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ የወሰነውን ዘረዘረ። መጋዙን ለጊዜው ትቶታል፤ ያስቆርጣል። ከሚያስመጣው እንጨት ግማሹን ያደርቃል፣ ግማሹን እርጥቡን ይሸጣል፤ ሆኖም እርጥብ መሆኑን ተናግሮና በርካሽ ነው። ሁለቱንም ከእንግዲህ በድርድር እንጂ በኪሎ አይሸጥም። በእያንዳንዱ ድርድር ላይ የተቆረጠበትን ወር የሚያሳይ ካርቶን ይሰቅላል። የዓሣ ጠባሾቹን ነገር ግን አልተወውም። 2ኛው እንዳለው ይመርጡ እንደሆነ ለማየት ሁለቱንም ዓይነት ወስዶ ሊያስሞክራቸው አስቧል።

35ኛዋ እትዬ ናቸው። ወሩ መጻፉ እንዳስደሰታቸው፣ ግን ካርቶን ማንም እንደሚጽፍ ነገሩት። የሚፈልጉት ሌላ ነው። ገዢ ከድርድሩ ሥር አንድ ፈልጥ ራሷ መርጣ እንድታወጣ፣ እዚያው ተሰንጥቆ ውስጡን እንድትነካው ይፍቀድ። ይህን ከፈቀደ የኅዳሩን ድርድር ለእሳቸው እንዲያስቀምጥላቸው ጠየቁ፤ ቀብድም ሊሰጡት ፈቃደኛ ናቸው። ልጁ ከመልሳቸው ሥር እሺ እትዬ ብሎ ተስማማ። ቀብድ መኖሩ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው፤ 1ኛው ሰው የፈራው የገንዘብ መታሰር በከፊል የሚፈታው በዚህ ነውና።

36ኛው ስለ ቡና ገለባ ጠየቀ፤ ገለባውን ጨምቆ እንደ ማገዶ መሸጥ ይቻል እንደሆነ። አዲስ ክር እንዲከፍት ተነገረው፣ ከፍቷልም። እዚያ የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ እትዬ ናቸው።